በፕሩት ጫካ የተሰሙት ሁለት ተኩሶች

ጋርላንድ ፕሩት አንድ ያረጀ የኦክ ዛፍ ተደግፈው፣ እግሮቻቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከሩቅ ላያቸው ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ ሲጠብቁ ሸለብ ያደረጋቸው አዛውንት ይመስላሉ። ቀረብ ብሎ ደረታቸውን ያየ ግን መልሶ ማየት አይፈልግም።

መርማሪ ዴላ ራክሊ መላልሳ ማየት ነበረባት፤ ሥራዋ ነው። ሥራዋ መሆኑ ግን ንዴቷን አላበረደላትም። ዛሬ የእረፍት ቀኗ ነበር። ብርዱን ሙሉ ስትጠብቀው የከረመችው የሚያዝያ ቅዳሜ! ጀልባዋን ከመኪናዋ ኋላ ቀጥላ፣ የማጥመጃ ዘንጎቿን አሰናድታ፣ ልትወጣ እግሯን ስታነሳ ስልኳ ጮኸ። አሁን ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ወደ ካፊያ ተለውጧል፤ ቦቲዋ ውስጥ ውሃ ገብቷል፤ ወንዙ ከአልጋው ወጥቶ የጫካውን ግማሽ ሞልቶታል፤ ስልኳም እንደገና እየጮኸ ነው።

«ጨረስሽ?» አለ ሸሪፉ፣ የአካባቢው ፖሊስ አለቃ።

«ገና መምጣቴ ነው።»

«ምን ያስቆይሻል? ኦዜል ቲሞንስ በገዛ አፉ አምኗል። ተርኪ መስሎት ተኮሰ፣ ጓደኛውን መታ። ጸደይ በመጣ ቁጥር የሚያጋጥም ነገር ነው። ቃሉን ተቀበይና ነይ። ቤተሰቡን አታንገላቺ።»

«ሬሳውን ልየው?»

«እዪው። ግን ቶሎ በይ።»

ዴላ ስልኩን ኪሷ ከታ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ጋርላንድ ከኮፍያቸው እስከ ጫማቸው ቅጠል የመሰለ የአደን ልብስ ለብሰዋል። ፊታቸውን የሚሸፍነው መረብ ግን ወደ አገጫቸው ወርዷል። የቀኝ እጃቸው ጓንት ወልቆ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል። በተዘረጋው መዳፋቸው ላይ ደግሞ አዳኞች ምላሳቸው ላይ አድርገው እንደ ሴቷ ተርኪ የሚጠሩባት ትንሽዬ የላስቲክ ፊሽካ አለች። ጠመንጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ነው፤ ጥይቱ አልተተኮሰም።

ዙሪያውን ቃኘች። የእግር መንገዱ ከዛፉ ጀርባ ነው የሚመጣው። በራሰው ጭቃ ላይ የሁለት ሰው ዱካ ብቻ ይታያል፤ የሟቹ መምጫ፣ የኦዜል ቲሞንስ መምጫና መመለሻ። ከሟቹ ፊት ለፊት፣ ከጫማቸው ጫፍ ትንሽ ፈንጠር ብሎ፣ ቡናማው የጎርፍ ውሃ በዛፎቹ መሃል ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ዴላ ቢላዋዋን አውጥታ ከሟቹ ትከሻ አጠገብ ቅርፊቱን ፈለፈለች። ከአዳኝ ጥይት ውስጥ ተበትነው ዒላማቸውን የሳቱ ጥቂት ጥቃቅን ፍሬዎች ወጡላት። በመሃረቧ ጠቅልላ ኪሷ ከተተቻቸውና ንዴቷ ባሰባት። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገብቷታል። ቀላል አይደለም የሚል ሰው ደግሞ በአካባቢው ከእሷ በቀር የለም።

ኦዜል ቲሞንስ የጭነት መኪናቸው ኋላ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከጋርላንድ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደኑ፣ አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። አንዱ ሲጠራ ሌላው የሚከተል ስም ነበር።

«አቶ ቲሞንስ፣ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ነገርኳቸው እኮ። ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ አየሁ። ቀላ ያለ ነገርም አየሁ። የወንዱ ተርኪ ራስ መሰለኝ፤ ተኮስኩ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ።»

«የት ቆመው?»

«መንገዱ ላይ።»

«መንገዱ ከዛፉ ጀርባ ነው።»

ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ፣ «እንግዲህ ትንሽ ዞር ብዬ ይሆናል» አሉ።

«ጓደኛዎ እዚያ ዛፍ ሥር እንደሚቀመጡ አያውቁም ነበር?»

«አርጅቻለሁ ልጄ። ዓይኔ ደክሟል።»

«እርስዎ? በብርዱ ወራት ዳክዬ ከደመና በታች ሲያልፍ ወንዱን ከሴቷ ለይተው የሚጠሩት?»

«ያ በብርዱ ነው። ይሄ ጸደይ ነው።»

«ዓይን በወቅት ይለዋወጣል እንዴ?»

«እጄን እሰሪኝና ይለቅ!» አሉ ኦዜል፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? እኔ ነኝ አልኩሽ!»

ዴላ ጠመንጃቸውንና ኪሳቸው ውስጥ የነበሩትን ጥይቶች ተቀበለቻቸው። አፈሙዙን ስታሸተው የባሩድ ሽታ አላት። አንድ ጊዜ ተተኩሶበታል። ይህም አናደዳት፤ ውሸት መሆኑን የምታውቀው ነገር እውነት የሚመስል ሽታ ይዞ ሲመጣ ደስ አይልም።

የፕሩቶች የአደን ቤት ጎርፍ እንዳይደርስበት በግንዶች ላይ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሰፊ የእንጨት ቤት ነው። ግድግዳው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በብርዱ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ዳክዬ ያነጠለጠሉ ሰዎች፣ በጸደይ የተርኪ ጅራት እንደ ማራገቢያ ዘርግተው የሚስቁ ሰዎች፣ በበጋ ጀልባ ላይ ዓሣ ከፍ አድርገው የያዙ ሰዎች። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የሚለወጠው ልብሳቸውና ዕድሜያቸው ብቻ ነው። በሁሉም ውስጥ የጋርላንድ ታናሽ ወንድም ዌልደን አለ።

ዌልደን ራሱ ምድጃው ፊት ቆሞ ቤቱን ለሚጠብቁት ፖሊሶች ዓሣ ይጠብሳል። ዓይኖቹ በልቅሶ ቀልተዋል፤ እጁ ግን ሥራውን አላቆመም። ከዴላ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ።

«ነይ ዴላ፣ ቁጭ በይ። ሞት አለ ተብሎ ሆድ ዝም አይልም» አለና ሳህን አቀበላት።

«ጠዋት የት ነበርክ ዌልደን?»

«ከጫካው ራቅ ያለው ሐይቅ ላይ። ጎህ ሳይቀድ ነው በጀልባ የወጣሁት። ይኸውና የያዝኩት፣ እየበላሽው ነው። ክራፒ የሚባለው ዓሣ ነው፣ በዚህ ወቅት ውሃ ውስጥ ያለ ዛፍ ሥር ተጠግቶ ይያዛል።»

«በእንዲህ ያለ ጎርፍ?»

«የማያውቅ ሰው አይይዝም። እኔ እይዛለሁ።» ለአፍታ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ጠፋ። «ተኩሱን ሰማሁ። ጋርላንድ ተርኪውን ጣለው ብዬ ደስ አለኝ። አየሽ? ደስ አለኝ።»

ዴላ ርቧታል፤ ቁርስ አልበላችም። ዓሣው ግን ጣቶቿ መሃል ተፈረካከሰ፤ ውሃ ውሃ ይላል። ቢሆንም በላችው። አንዱን ጨርሳ ሌላውንም በላችው።

«ወንድምህ ጫካውን ለአዳኞች ሊዘጋው ነበር ይባላል» አለች አፏን እየጠረገች።

ዌልደን መጥበሻውን ነቀነቀ። «ከሳምንት በፊት፣ እሑድ ራት ላይ ነገረን። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ መተኮስ አስጠልቶት ነበር። ዳክዬ ለመሳብ ውሃ እያቆምንባቸው ዛፎቹ ሞቱ፣ ዳክዬውም ቀነሰ፣ ጫካው ይረፍ አለ። ይሄ የመጨረሻ ጸደያችን ነው አለ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ? ጫካው የእሱ ነው። እሱ ያለው ይሆናል።»

ይህን ሲል ወደ ዴላ አላየም፤ ዘይቱን ነበር የሚያየው።

የሟቹ ልጅ ሎሬታ ከባሏ ከኪፕ ጋር ጓዳ ውስጥ ተቀምጣለች። ኪፕ የከተማ ሰው ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃ ሲያይ እንኳ ፊቱ ይኮሳተራል።

«ምን ሰማሽ ጠዋት?» አለች ዴላ።

«ተኩስ» አለች ሎሬታ። «አንዱን ገና ሲነጋጋ ሰማሁ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ሌላ።»

«አንድ ነው» አለ ኪፕ።

«ሁለት ነው ኪፕ።»

«አንድ ነው የሰማሁት! ነቅቼ ነበር።»

«ተኝተህ ነበር። ሁለተኛው ነው የቀሰቀሰህ።»

«እሺ፣ ይኼ ምን ለውጥ ያመጣል? ሽማግሌው አምነዋል። አደጋ ነው። ተዪና አማቴን ልቅበር! ማታ የተጨቃጨቁትን ደግሞ ከዚህ ጋር እንዳታገናኚው!»

ዴላ ቀስ ብላ ወደ ኪፕ ዞረች።

«ስለ ጭቅጭቅ መቼ ጠየቅኩህ?»

ኪፕ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ሎሬታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከአባቴ ጋር በረንዳ ላይ ተነጋግረን ነበር» አለች። «ጮህኩበት። እንዲህ ካደረግክ አባቴ አይደለህም አልኩት። ከመተኛታችን በፊት ግን ታርቀናል።»

«በምን ምክንያት?»

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«ሎሬታ፣ አባትሽ ሞተዋል።»

«ጠበቃ በሌለበት አንዲት ቃል አትመልሺ» አለ ኪፕ ተነስቶ።

«ኪፕ፣ እባክህ...»

«አንዲት ቃል አልኩሽ!»

ሎሬታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዴላ ከዚያ በላይ ብትቀመጥ ኪፕን በጫማዋ እንደምትመታው ስለገባት ተነስታ ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ ዝናቡን ተሳደበች። ከዚህ ቤት አንድ ቃል ለማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ይቀላል። አንዱ ያላደረገውን አደረግኩ ይላል፤ አንዷ ያደረገችውን አልናገርም ትላለች፤ አንዱ ተኝቶ ሳለ ነቅቼ ነበር ይላል። ስልኳ ጮኸ።

«ዴላ፣ እኔ ራሴ እየመጣሁ ነው» አለ ሸሪፉ። «ስደርስ ጨርሰሽ ጠብቂኝ።»

«አቶ ቲሞንስ አልገደሏቸውም።»

«ገድያለሁ እያለ?»

«እያሉም።»

ሸሪፉ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። «የማሳምንበት ነገር ስጪኝ፤ ካለበለዚያ ዛሬውኑ ይዘጋል» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ዴላ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ዌልደን የለም፤ ለወንድሙ አስከሬን መኪናውን ሊያስጠጋ ወጥቷል። የማቀዝቀዣው በር ላይ ፎቶግራፍ የያዘች የዓሣ ቅርጽ ያላት ማግኔት አየች። ነቅላ ወሰደቻትና ጠረጴዛው ላይ መሃረቧን ዘረጋች። ከዛፉ ቅርፊት የፈለፈለቻቸው ፍሬዎች ማግኔቷ ስትጠጋቸው ዘለው ተለጠፉ። ከዚያ የኦዜልን አንድ ጥይት በቢላዋ ከፍታ ፍሬዎቹን አፈሰሰች። ማግኔቷን አመላለሰችባቸው። አንዲትም አልተነሳችም።

ዴላ ለረጅም ጊዜ ፍሬዎቹን እያየች ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ በጓሮ በር ወጣች። ከቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ጀልባዎቹ በሚቆሙበት ዳር፣ ጣራ ያለው የዓሣ መበለቻ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ደርቋል። አንዲት ቅርፊት እንኳ አልተጣበቀበትም። ከሥሩ ያለው የሆድ ዕቃና ራስ መጣያ ባልዲ ባዶ ነው፤ የአደን ቤቱ ድመቶች ባልዲውን ከበው እየጮሁ ዴላን አዩዋት፣ ምናልባት እሷ ታመጣልናለች ብለው። ከሁለቱ ጀልባዎች አንዱ ተገልብጦ ሣር በቅሎበታል፤ በሆዱ ሥር ሸረሪት ድሯን ሠርታለች። የዌልደን ጀልባ ግን ጭቃው ገና አልደረቀም።

«ወይ አንቺ ሴትዮ» አለች ዴላ ለራሷ። «ማስረጃውን በልተሽዋል እኮ።»

ሸሪፉ ሲደርስ ሁሉም በትልቁ የመመገቢያ ክፍል ተሰብስበው ነበር። ኦዜል በብርድ ልብሳቸው፣ ሎሬታ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ኪፕ እጁን አጣምሮ፣ ዌልደን ከጠረጴዛው ጫፍ። ሸሪፉ ባርኔጣውን እንዳደረገ በሩ ላይ ቆመ፤ መቀመጥ የፈለገ ሰው አይመስልም።

«ማንም አያቋርጠኝ» አለች ዴላ። «ጠዋት ሁሉ ስቋረጥ ውያለሁ፤ አሁን የመናገር ተራው የኔ ነው። አቶ ቲሞንስ፣ ተርኪ መስሎኝ ተኮስኩ ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«ተርኪ የሚያድን ሰው ፊቱን ይሸፍናል፣ እጁን ይሸፍናል፣ ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። ተርኪ ከሰው ይልቅ ዓይነ ስለታም ነውና ጣት እንኳ አያንቀሳቅስም። ጋርላንድ ግን መረባቸውን ከፊታቸው አውርደዋል። ጓንታቸውን አውልቀዋል። ፊሽካቸውን ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ ይዘዋል። ሰው ይህን መቼ ነው የሚያደርገው?»

ዴላ ፊሽካ እንደያዘ ሰው መዳፏን ዘረጋች።

«ሲያወራ ነው። ከፊታቸው የቆመውን ሰው ያውቁታል፤ ሊያነጋግሩት አደኑን ተዉ። ስለዚህ ተርኪ የመሰለው ሰው የለም። ፊት ለፊት አይቶ ነው የተኮሰው።»

«ታዲያ እኔም ፊት ለፊት...» አሉ ኦዜል።

«እርስዎ በእግር መንገዱ መጡ። ዱካዎ ከዛፉ ጀርባ ደርሶ ይመለሳል። ጥይቱ ግን የመጣው ከውሃው በኩል ነው፤ ፍሬዎቹን ከዚያ ወገን ነው የፈለፈልኩት። የገደለው ሰው በጀልባ መጥቷል።»

ሸሪፉ ከበሩ ለቆ ሁለት እርምጃ ገባ።

«አሁን ደግሞ ይህን እዩ።» ዴላ ማግኔቷን አነሳች። ፍሬዎቹ ተለጥፈውባት ወጡ። «እነዚህ ብረት ናቸው። ከአቶ ቲሞንስ ኪስ የወጡት ግን እርሳስ ናቸው፤ ማግኔት አያነሳቸውም። ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለተርኪ እርሳስ ነው የምንተኩሰው። ለዳክዬ ግን እርሳስ ክልክል ነው፤ ውሃውን ይመርዛል፤ ብረት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ጋርላንድን የገደላቸው የዳክዬ ጥይት ነው። የዳክዬው ወቅት ካለፈ ቆይቷል። በጸደይ ጠዋት የዳክዬ ጥይት ይዞ ተርኪ አድናለሁ ብሎ የሚወጣ ሰው በዚህ ወንዝ ዳር አልተወለደም። ስለዚህ ገዳዩ ለአደን አልወጣም። ከብርዱ ወራት የቀረ ጠመንጃ እጁ ገባ፤ በእሱ ተኮሰ።»

«እኔ ጠመንጃዬ ተተኩሶበታል» አሉ ኦዜል፣ አሁንም እጃቸውን ሳይሰጡ።

«ተተኩሶበታል። ሎሬታ ሁለት ተኩስ ሰምታለች፤ በመሃላቸው ብዙ ጊዜ አለፈ። የመጀመሪያው ገዳዩ ነው። ሁለተኛው እርስዎ ነዎት። ጓደኛዎን ሞተው ሲያገኟቸው ወደ ሰማይ ተኩሰው አፈሙዝዎን አቆሸሹት። ማንን ለመሸፈን ነው አቶ ቲሞንስ?»

ሽማግሌው ብርድ ልብሱን ይበልጥ ተጠቀለሉ። ሳይፈልጉ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ ሄደ።

ሎሬታ አየቻቸው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ጋሽ ኦዜል! እኔ አባቴን የገደልኩ መስሎህ ነው?»

«ማታ ስትጮሂበት ሰማሁ» አሉ ኦዜል በቀጭን ድምፅ። «ጠዋት ደግሞ ሬሳውን አግኝቼ ስመለስ ጫካው ዳር ቆመሽ ስታለቅሺ አየሁሽ። ገና ለማንም ሳልናገር ታለቅሻለሽ። እኔ ምን ልበል? እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ በአደጋ ገደለ ቢሉኝ ይገስጹኛል፣ የአደን ፈቃዴን ይቀሙኛል። አንቺን ግን...»

«እናቴን እያሰብኩ ነበር የማለቅሰው!»

«አላወቅኩም ልጄ። አላወቅኩም።»

ዴላ ፍሬዎቹን ከማግኔቷ ላይ አራገፈች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ዞረች።

«ውሃ ላይ የነበረ አንድ ጀልባ ብቻ ነው። ሌላው ሣር በቅሎበታል።»

«ውሃ ላይ እንደነበርኩ ነግሬሻለሁ» አለ ዌልደን። «ዓሣ እያጠመድኩ። ሐይቁ ከዚያ ዛፍ ሩቅ ነው።»

«ዓሣውን አብልተኸኛል።»

«አዎ።»

«በጸደይ ጠዋት ተይዞ የተጠበሰ ክራፒ ሥጋው ጠንካራ ነው። ያንተ ጣቴ ላይ ተፈረካከሰ፤ ውሃ ውሃ አለኝ። በረዶ ሆኖ ከርሞ የቀለጠ ዓሣ ነው እንዲህ የሚሆነው። አላመንኩትም፣ ርቦኝ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ መበለቻህን አየሁት። ደርቋል። ባልዲው ውስጥ አንዲት የዓሣ ራስ የለም። ድመቶቹ በረሃብ ይጮኻሉ። ይህን ሁሉ ሰው ያበላ ዓሣ ራሱን የት ጣለ ዌልደን? ዓሣው የመጣው ከማቀዝቀዣህ ነው። ሐይቁ ላይ አልነበርክም።»

ዌልደን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለች ዴላ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «የዳክዬ ጠመንጃህን ከጀልባህ አታወጣውም፤ አገሩ ሁሉ ይስቅብሃል በዚህ። ሂድና አምጥተህ አሳየኝ። ካመጣኸው ይቅርታ ጠይቄህ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ዌልደን አልተነሳም። በተከፈተው የኩሽና በር፣ ምድጃው ላይ የቀረው ዘይት ቀዝቅዞ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ወንዙ ውስጥ ነው» አለ ዌልደን በመጨረሻ።

«አጎቴ!» አለች ሎሬታ።

«ዓሣ ልይዝ ነበር የወጣሁት። እውነቴን ነው። ሲነጋጋ ጋርላንድ ተርኪ ሲጠራ ሰማሁት። ከአንድ መቶ ሰው መሃል ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ማብቂያው ላይ ዘለግ ያደርገዋል፣ አባታችን እንዳስተማረን። ልለምነው ሄድኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። አንድ ብርድ ብቻ፣ አንድ የዳክዬ ወቅት ጨምርልኝ ልለው። ሰው ቀን መቁጠሪያ ያያል፤ እኔ ሰማይ ነው የማየው። ዳክዬው ሲመጣ ብርድ ነው፤ ተርኪው ሲጮህ ጸደይ ነው፤ ዓሣው ወደ ጥልቁ ሲወርድ በጋ ነው። ይህን ከወሰደብኝ በኋላ ጠዋት ተነስቼ ወዴት ነው የምሄደው? ማንስ ነኝ?»

«ከዚያስ?» አለች ዴላ።

«ጀልባውን አስጠግቼ ጠራሁት። ፈገግ አለ። ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ‹ቁጭ በል ዌልደን፣ የምነግርህ ነገር አለ› አለኝ። ያንኑ ሊደግምልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ያንኑ፣ በዚያች የተረጋጋች ድምፁ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያች ድምፅ ነው ሲያዘኝ የኖረው። ጠመንጃው እግሬ ሥር ነበር።» ከዚያ ቀና ብሎ ሁሉንም አየ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው። «ምን ሊነግረኝ ነበር?»

ሎሬታ ከመስኮቱ ለቅቃ መጥታ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመች። ኪፕ ክንዷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ገፋችው።

«ማታ አባቴ ላይ የጮህኩት ስላንተ ነው» አለች። «ዌልደን የት ይሂድ አልኩት። ከዚህ ጫካ ውጭ ምን አለው አልኩት። ወንድምህን በቁሙ ከቀበርከው አባቴ አይደለህም አልኩት። ብዙ ተከራከረኝ። በመጨረሻ ግን እሺ አለ። ‹ለእሱ ይሁንለት፤ በሕይወት እስካለ ጫካው አይዘጋበትም› አለኝ። ልነግርህ ስሮጥ ከለከለኝ። ‹ተይ፣ ጠዋት ራሴ ነኝ የምነግረው፤ ደስ ሲለው ማየት እፈልጋለሁ› አለኝ።»

ዌልደን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። ሲያያቸው የሌላ ሰው እጆች ይመስሉት እንደሆነ ዴላ አላወቀችም። አላለቀሰም፣ አልጮኸም። ፖሊሶቹ በክንዱ ሲያነሱት እንደ ሕፃን ተነሳላቸው፤ ደግፈው ነው ደረጃውን ያወረዱት።

«ደህና ሠርተሻል» አለ ሸሪፉ ባርኔጣውን አውልቆ።

ዴላ ፍሬዎቹን መልሳ በመሃረቧ ጠቀለለች። ለምን ቀደም ብዬ ሎሬታን ለብቻዋ አላናገርኳትም እያለች ነበር ለራሷ፤ ምንም የማይለውጥ ጥያቄ፣ ግን የማይለቅ። የጋርላንድን ሞት ማን እንዳደረሰ ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ስትታገል ውላለች፤ አወቀች፤ ከማወቋ የተሻለ ነገር ያገኘ አንድም ሰው በዚህ ቤት የለም።

በረንዳው ላይ ኦዜል ከሎሬታ አጠገብ ቆመዋል። ልጅቷ አልሸሸቻቸውም፤ አልቀረበቻቸውም።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። «ክፉ ነገር አሰብኩብሽ።»

«አስበህም ጥፋቱን ልትሸከምልኝ ተነሳህ» አለች ሎሬታ። «የትኛውን እንደምይዝ ገና አላወቅኩም ጋሽ ኦዜል። ጊዜ ስጠኝ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሃ የሞላውን ጫካ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ በዚያ ውስጥ ነው ወጣትነታቸው ያለፈው። ሊጠይቁ ፈርተው ቆዩና በመጨረሻ ጠየቁ።

«ጫካውንስ ምን ልታደርጊው ነው? አሁን ያንቺ ነው።»

ሎሬታ የአባቷን መኪና ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ እጇ ውስጥ ጨበጠችው።

«ይዘጋል» አለች። «ዛሬውኑ የጫካው መግቢያ በር ይዘጋል። ከእንግዲህ እዚህ ማንም አይተኩስም።»

ኦዜል አልተከራከሩም። ደረጃውን ቀስ ብለው ወርደው በሩን ሊዘጉ አብረዋት ሄዱ።